«በጣም ኮምጣጣ» ማለት «በጣም ጥሩ» ማለት ነው እንዴ? (ገውዝ፣ ላምቢክ፣ ሮደንባክ)

ፉት_ብዬ (ብራሰልስ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ዛሬ የሆዴን ልተንፍስ። እዚህ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ገውዝ የሚባለውን የቤልጅየም ኮምጣጣ ቢራ አስቀምሳለሁ። ገሚሱ አንዴ ፉት ይልና ፊቱን አጨማዶ ብርጭቆውን ወደኔ ይገፋዋል። በሱ አልከፋም፤ ለኔ ተረፈኝ። የሚያናድደኝ ሌላው ወገን ነው። «ይሄኛው ከዛኛው የበለጠ ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ ይሄ ይበልጣል» የሚለው።

ቢራ ማኮምጠጥ እኮ ቀላል ነው። አንድ ጠማቂ ድስቱ ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባለውን የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያ ጨምሮ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። ጠረኑን፣ ድርቀቱን፣ ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረውን።

ለማያውቅ ባጭሩ። ላምቢክ የሚጠመቀው ብራሰልስና አጠገቧ ባለው ፓዮተንላንድ በሚባለው ገጠር ነው። የገብስ ብቅል አለው፤ ከ30 እስከ 40 በመቶው ደግሞ ያልበቀለ ስንዴ ነው። ሆፑ (ለቢራ እንደ ጌሾ የሚገባው መራራ አበባ) ሆን ተብሎ ለዓመታት የቆየ ነው። ምሬቱ ይጠፋል፣ ቢራውን ከመበላሸት የመጠበቅ ጉልበቱ ይቀራል። ለሰዓታት ይፈላና በብርድ ሌሊት ጣሪያ ስር ባለ ሰፊ ገንዳ ላይ ይዘረጋል። ገንዳው ጥልቀት የለውም፣ ክዳንም የለውም። እንደዛው ያድራል። እርሾ የሚጨምር ሰው የለም፤ አየሩና ቤቱ ይበቃሉ። ሲነጋ በቀጥታ ወደ ኦክ በርሜል።

ይሄን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አንደርሌክት ካንቲዮን ይሂድ። በ1900 የተመሠረተ ቤት ነው (ዓመቶቼ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ ከ1978 ጀምሮ ሙዚየምም ሆኗል። እዛ ቤት ሸረሪት አይነካም። ድሩ በየጥጉ ተንጠልጥሏል። ፍሬ ሲገባ ተከትሎ የሚመጣውን ዝንብ የሚይዝላቸው እሱ ነው።

ገውዝ ማለት የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ እንደገና የተብላላ ነው። ወጣቱ ስኳር ያመጣል፣ ጋዙ ከሱ ነው። ያረጀው ጠረኑን ያመጣል። በአንድ ቀን ተጠምቀው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት በርሜሎች እንኳ ጣዕማቸው አንድ አይሆንም። ስለዚህ ቀላቃዩ በየበርሜሉ እየዞረ ይቀምሳል። ከልክ በላይ የኮመጠጠውን በለስላሳው ያስታርቀዋል። አያችሁ? ባለሙያው ኮምጣጣነቱን ለመግራት ይለፋል፣ የኛ ሰው ደግሞ ኮምጣጣነቱን ይቆጥራል።

አቀማመሱ ላይ የኔ ልማድ ይሄ ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው አይከፈትም። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚናገረው። ጠርሙሱ ተጋድሞ ከከረመ አታቁሙት፤ ጋደም እንዳለ በቅርጫት ያዙት፣ ሽቦውን ፈትታችሁ ቡሹን ቀስ አድርጋችሁ አውጡ፣ አተላውን ሳትቀሰቅሱ ቅዱ። አረፋው ነጭ ሆኖ ይነሳል፣ ወዲያው ይከስማል። መጀመሪያ ማሽተት። የሎሚ ልጣጭና ያልበሰለ ፖም ይቀድማሉ። ከኋላቸው ድርቆሽ፣ የፈረስ ኮርቻ፣ እርጥበት ያለው ምድር ቤት። ይሄ ብሬታኖማይሲስ የሚባለው የዱር እርሾ ሥራ ነው፤ እዚህ ቤት ብሬት እንለዋለን። ብርጭቆው ሲሞቅ ይበልጥ ይወጣል።

በመጀመሪያው ጉንጭ አትፍረዱ። ምላስ አሲዱን ለምዶ ሌላውን የሚሰማው ሁለተኛው ሦስተኛው ላይ ነው። ከዋጣችሁ በኋላ ትንሽ ዝም በሉ። ጥሩ ገውዝ አፍን አድርቆ ይሄዳል እንጂ ጉሮሮ አይልጥም።

ተቃዋሚ ካለ መድረኩ ክፍት ነው።

---

የሾላ_ልጅ

ወገን፣ አቸቶ በዋንጫ ስትጠጡ በትዝብት ስናያችሁ ነው የከረምነው። አሁን ጭራሽ የፈረስ ኮርቻ? ኪኪኪ። በርበሬ ጣል አድርጉበትና ሰላጣ ላይ አፍስሱት፣ ይለፍላችሁ።

---

ፒኤች_ሦስት (ሮተርዳም)

የሾላ ልጅ፣ ቀልድህ ውስጥ ቁም ነገር አለ። አቸቶን አቸቶ የሚያደርገው አሴቲክ አሲድ ነው። ጥሩ ገውዝ ውስጥ የሚገዛው ግን ላክቲክ አሲድ ነው፣ የእርጎው። ሁለቱን ለመለየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግህም። ላክቲክ አይተንም፣ ስለዚህ አፍንጫህ አያገኘውም፤ ምላስህ ብቻ ነው የሚያውቀው። አሴቲክ ገና ሳትቀምሰው አፍንጫህን ይወጋዋል። ሽታው ረጋ ያለ፣ ጣዕሙ ግን ኮምጠጥ ያለ ቢራ ካጋጠመህ ላክቲክ ነው። ዓይንህን የሚያስጨፍን ሽታ ካለው የአንተ ሰላጣ ይቅደም።

አሴቲክ የሚበዛው አየር ሲበዛ ነው። ኦክ በተፈጥሮው ጥቂት ጥቂት አየር ያስገባል፣ ብሬትም ያንን ይወዳል። ችግሩ ቢራው በትነት ጎድሎ ከላይ ባዶ ቦታ ሲፈጠር ነው። ያኔ አሴቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ፣ አሴቶባክተር፣ ይመቸዋል። ቢራው ፊት ላይ የሚሠራው ስስ ነጭ ቆዳ አየሩን በመጠኑ ይከላከልለታል። ላየው ሰው ሻጋታ ይመስላል፣ ግን አይነካም። በርሜል የሚነካካ ጠማቂ በርሜሉን ያበላሻል።

ሌሎች ሁለት ጥፋቶች አሉ። አንደኛው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ነው። አሴቲክና አልኮል ሲጋጠሙ የሚፈጠር ኢታይል አሲቴት ነው። ያ በደንብ ከታወቀ ስሙ የተጠራ ጠርሙስም ቢሆን ተበላሽቷል፤ አታመቻምቹ። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ስታሸተው የለም፣ ስትቀምሰው የለም። ከዋጥከው በኋላ ጥቂት ቆይቶ የአይጥ ጎጆ የሚመስል ነገር ከጉሮሮህ ይመለሳል። አሲድ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ምራቅህ አሲዱን ሲያለዝበው ነው የሚለቀቀው። የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ፣ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ጠብ አታንሱ። ጠርሙሱን ለወራት ብትተወው ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ፉት ብዬ፣ ቤልጅየም ውስጥ ስላለህ ሌላው ሁሉ ድስት ውስጥ የኮመጠጠ አስመሰልከው። እሱንም እዚህ እናውቃለን። በጣሳ ይመጣል፣ የማንጎ ጭማቂ ነው የሚመስለው፣ ሐምሌ ላይ ደስ ይላል፣ አለቀ።

ግን ካሊፎርኒያ ራሽያን ሪቨር የሚባሉት አሉልህ። ሰፕሊኬሽን የሚሉት ቡናማ ቢራ ፒኖ ኗር ወይን በነበረበት በርሜል ውስጥ ከኮምጣጣ ቼሪ ጋር ያረጃል። ቴምፕቴሽን በሻርዶኔ በርሜል፣ ኮንሰክሬሽን በካበርኔ በርሜል ከብላክከረንት ጋር። እናንተ ጋ በርሜሉ ያረጀና ጣዕሙ የወጣ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። እዚህ ግን ወይኑ እንዲሰማ ነው የሚፈለገው። ቫኒላው፣ ታኒኑ፣ የወይን ልጣጩ። ይሄ ሌላ መንገድ ነው እንጂ ጥፋት አይደለም።

ሜይን ያለው አላጋሽም ከ2007 ጀምሮ ክፍት ገንዳ ሠርቶ በሜይን አየር ያስኮመጥጣል። ላምቢክ ብለው ግን አይጠሩትም፣ ስሙን ለባለቤቱ ትተዋል። ጨዋ ናቸው።

---

ጉሽ_ይሻለኛል

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። «እርሾ የሚጨምር ሰው የለም» ብላችሁ እንደ ተአምር ታወራላችሁ። እናቶቻችን ከየትኛው ፋብሪካ ነበር እርሾ የሚገዙት? ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከእንስራው ነው የሚመጣው። ጠላውም በልኩ ይኮመጥጣል። ፈረንጅ ሲያደርገው ሙዚየም ይከፈትለታል፣ የኛው ሲሆን ኋላቀር። እስቲ በሉ መልሱልኝ።

---

ፒኤች_ሦስት

ጋሼ ጉሽ፣ ልክ ነዎት፣ አልከራከርዎትም። ጠላ የዱር እርሾና የላክቲክ ባክቴሪያ መጠጥ ነው። ላምቢክ ጠማቂ ጥንስስ ቢያይ ግራ አይገባውም።

የሚለያዩት በሁለት ነገር ነው። አንዱ ጊዜ ነው። ጠላ በቀናት ውስጥ ይጠጣል፤ ሲሰነብት ይበላሻል። ላምቢክ በቀናት ዕድሜው የሚጠጣ ነገር አይደለም፤ የሚሸተውም ደስ አይልም። መጀመሪያ ኢንተሮባክቴሪያ የሚባሉት ይፈነጩበታል። ከዚያ የተለመደው የቢራ እርሾ ስኳሩን ለወራት ይበላል። ቀጥሎ ፔዲዮኮከስ የሚባል ባክቴሪያ መጥቶ ያኮመጥጠዋል። በዚህ መሐል አንዳንዴ ቢራው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ልምድ የሌለው ሰው አይቶ ይደፋዋል። የሚያውቅ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ብሬት ቀስ ብሎ ያንን ዝልግልግ በልቶ ያጠራዋል። ድርቆሹና ኮርቻው የሚመጣው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ዕቃው ነው። እንስራው በወይራ ይታጠናል፤ ጢሱ ጣዕም ይሰጣል፣ ያደረውንም ነገር ይገድላል። ኦክ በርሜል በተቃራኒው ነው። ታጥቦ ይሞላል፣ ግን እንጨቱ ውስጥ ገብተው የሚኖሩት ለቀጣዩ ቢራ ይተርፋሉ።

---

ጉሽ_ይሻለኛል

ይሄ መልስ ነው። ተባረኪ።

---

ፍላንደርስ_ነኝ (ጌንት)

ስለ ብራሰልስ ብቻ የምታወሩት እስከ መቼ ነው? ሩሰላሬ ሂዱ። ሮደንባክ። ከ1821 ጀምሮ የነበረ ጠመቃ ቤት ነው። 294 ግዙፍ የኦክ በርሜሎች ቆመው አሉ። በርሜል ስላችሁ ተንከባላዩን አታስቡ። ስሩ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ ነው የምታዩት። ከ150 ዓመት በላይ የሆናቸው አሉበት። እንጨቱ ከውስጥ ሲጠቁር በርሜል ሠሪዎቹ እዚያው ፈትተው፣ ጠርበው፣ መልሰው ይገጥሙታል።

አሠራሩ ከላምቢክ ይለያል። ክፍት ገንዳ የለም፣ እርሾና ባክቴሪያው የራሳቸው ነው። ቢራው ሁለት ዓመት ገደማ በርሜል ውስጥ ይተኛል። ተራው ሮደንባክ ሩቡ ያረጀ፣ ሦስት ሩቡ ወጣት ነው። ግራንድ ክሩ ሁለት ሦስተኛው ያረጀ ነው። ቀለሙ ቀይ ወደ ቡናማ። ቼሪ ይሸታል፣ አንድ ፍሬ ቼሪ ሳይገባበት።

እና ፒኤች፣ እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። አሴቲክ ሁሉ ጥፋት አይደለም። የፍላንደርስ ቀይ ቢራ ትንሽ አሴቲክ ከሌለው ጎሎታል። ከብቅሉ ጣፋጭነት ጋር ስለሚታገል ነው ቢራው የሚያምረው። የገውዝን ሚዛን ይዘሽ ሮደንባክ ላይ አትፍረጂ።

ሌላ ወሬ ላምጣ። ሮደንባክ ፓልም የሚባለው የቤልጅየም ጠማቂ ነበር። የፓልምን አብዛኛውን ድርሻ በ2016 የሆላንዱ ጠማቂ ባቫሪያ ገዛው፤ ዛሬ ስዊንክልስ ይባላል። ባቫሪያ ደግሞ ደብረ ብርሃን የሚጠመቀው ሀበሻ ቢራ ዋና ባለድርሻ ነው። የዘመድ ነገር ሆነ ማለት ነው።

---

ፒኤች_ሦስት

በቀይ ቢራው ተሸንፌያለሁ በለኝ። ልኩን እስካላለፈ ድረስ። የጥፍር ቀለሙ ላይ ግን አልመለስም።

---

የጠባሴ_ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ቆይ ቆይ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እንግዲያው ለነሱ አንድ ሐሳብ አለኝ። ላምቢክ ብርድ ሌሊት ይፈልጋል አይደል የምትሉት? እኛ 2,800 ሜትር ላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። ገብሱስ ቢሆን ከሰሜን ሸዋ ወዲያ የት አለ? ገንዳ ብቻ ይዘርጉልን!

---

ፉት_ብዬ

የጠባሴ ልጅ፣ ሳቅህን ትተህ ስማኝ፣ ሐሳብህ ግማሹ ልክ ነው።

ብርዱ የሚፈለገው ለዚያች ለአንድ ሌሊት ነው። የፈላው ውሃ በቶሎ ካልቀዘቀዘ የማይፈለገው ባክቴሪያ ይቀድማል። ለዚህ ነው እዚህ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብቻ የሚጠመቀው። እሱም እያጠረ ነው። በ2015 ኅዳር ላይ ብራሰልስ ሞቆ ካንቲዮን ጠመቃ እስከ ማቋረጥ ደርሷል። በዚህ በኩል ደብረ ብርሃን ከብራሰልስ ሳትሻል አትቀርም።

ግን በርሜሉ ክረምትና በጋ ማየት አለበት። ክረምት ላይ ተኝቶ ይከርማል፣ እዚህ ሰኔና ሐምሌ ሲሞቅ ፔዲዮኮከሱና ብሬቱ ይነቃሉ። እናንተ ጋ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ነው። ቢራው መኮምጠጡን ይረሳዋል። ጠምቆ ወደ ሸዋ ሮቢት ማውረድ ነው!

ደግሞ የሚመጣው እርሾ የደብረ ብርሃን ነው የሚሆነው። ጣዕሙ ላምቢክ አይሆንም። እኔ በበኩሌ ለመቅመስ እሰለፋለሁ።

---

ኮተቤ_ጠማቂ (አዲስ አበባ)

እኔ ቤት ውስጥ ለራሴ እጠምቃለሁ። ብርዱም እርሾውም አለ፣ የጠፋው በርሜል ነው። የኛ አገር በርሜል ብረት ወይ ፕላስቲክ ነው። ዝዋይ ካስቴል ወይኑን በኦክ እንደሚያስረጅ አውቃለሁ። ያገለገለ አንድ በርሜል የሚለቁልኝ ቢሆን ምን ማድረግ አለብኝ? ጋራዥ ውስጥ አቆይቼ ቀስ ብዬ ልሙላው ብዬ ነበር።

---

ፒኤች_ሦስት

ወንድሜ፣ ጋራዥ ውስጥ አታቆየው። የወይን በርሜል ባዶውን ሲቀመጥ ሁለት ነገር ይሆናል። እንጨቱ ይደርቅና ይከፈታል፣ ስትሞላው ያፈሳል። ውስጡ የቀረው ወይን ደግሞ ወደ አቸቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ቢራውን አዘጋጅ፣ በርሜሉን ከዚያ አምጣ፣ በዚያው ሰሞን ሙላው። ከመሙላትህ በፊት አፍንጫህን ቀዳዳው ላይ አድርግ። ወይንና እንጨት ከሸተተህ ጥሩ። የሚወጋህ ከሆነ በርሜሉን አበባ ትከልበት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀዳዳውን አትድፈነው፤ አረፋው በሱ በኩል ነው የሚወጣው። ሲረጋ ዝጋው፣ ከዚያ እርሳው። በየሳምንቱ እየከፈትክ እንዳትቀምስ።

ትንሽ በርሜል ካገኘህ ደግሞ አትጓጓ። ዕቃው ባነሰ ቁጥር ለያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው አየር ይበዛል።

---

አዲስ_ገቢ (ስቶክሆልም)

በዝምታ ሳነብ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ጓደኞቼን ጠርቻለሁ። አንድ ገውዝ፣ አንድ ክሪክ (የቼሪ ላምቢክ)፣ አንድ ግራንድ ክሩ አለኝ። የትኛው ይቅደም? ከምን ጋር ይበላ? ዶሮ ወጥ ጋር ልክ ይመጣል?

---

ፍላንደርስ_ነኝ

ገውዝ፣ ክሪክ፣ ግራንድ ክሩ። ግራንድ ክሩ ጣፋጭነት ስላለው ከሱ በኋላ ገውዝ ብታቀርቢ እንጨት እንጨት ይላል።

---

ፉት_ብዬ

እስማማለሁ። ዶሮ ወጡ ግን ይቆይ። በርበሬና አሲድ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያቃጥለዋል፣ ገውዙም ይባክናል። የብራሰልስ ሰው ገውዝን የሚበላበት ነገር ቀላል ነው፤ ዳቦ ላይ የተቀባ ነጭ ትኩስ አይብና በቀጭኑ የተከተፈ ራዲሽ። የኛን አይብ ብታቀርቢ ከዚያ የተለየ ነገር አይደለም። አይብ፣ ጎመን፣ ትንሽ ጨው። ወጡ በኋላ በሌላ ቢራ ይመጣል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ለብለብ ክትፎ ያለ ሚጥሚጣ። ቅቤውን አሲዱ ቆርጦ ይጥለዋል። ሞክሪውና ትመሰክሪያለሽ።

---

ፉት_ብዬ

ክትፎ ያለ ሚጥሚጣ? አሜሪካ ሰው ታበላሻለች።

---

አዲስ_ገቢ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። እስከዛ የት ላስቀምጣቸው? ኩሽናዬ ይሞቃል።

---

ፒኤች_ሦስት

ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ምድር ቤት ካለሽ እዛ። ሙቀት ቀልድ አይደለም። ድሪ ፎንቴይነን የሚባለው የገውዝ ቤት በ2009 የመጋዘኑ ቴርሞስታት ተበላሽቶ ሙቀቱ ሽቅብ ወጣ። ጠርሙሶች ፈነዱ፣ ያልፈነዱት በሺዎች የሚቆጠሩም ተበላሹ። ቤቱ ሊዘጋ ነበር። የተበላሸውን ቢራ አጣርተው አረቄ አደረጉትና አርማንድ ስፒሪት ብለው ሸጡት። በደህና ቦታ ከተቀመጠ ግን ገውዝ ለዓመታት ይቆያል፤ 20 ዓመት የሚጻፍበት አለ።

---

የሾላ_ልጅ

እሺ አንድ የምር ጥያቄ። እኔ አንዴ ክሪክ የሚባል ጋብዘውኝ ጠጥቼ ነበር። ከረሜላ ነው። ኮምጣጣ የሚባል ነገር የለውም። እናንተ የምታወሩት ስለዚሁ ነው?

---

ፉት_ብዬ

ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሁለት ነው። ብዙ ክሪክ ይጣፈጣል፣ ከዚያ እርሾው እንዳይነሳበት ይፈላል ወይም ይጣራል። አንተ የጠጣኸው ያንን ነው። ባህላዊው ላምቢክ ውስጥ ቼሪ ይዘፈዘፍበታል፤ ካንቲዮን ለአንድ ሊትር 200 ግራም ያህል ይጨምራል። ስኳሩን እርሾው ይበላዋል፣ የሚቀረው ቀለሙ፣ ጠረኑና የፍሬው ድርቀት ነው። ከቼሪው ዘር የሚወጣ እንደ ለውዝ ያለ ሽታም አለው።

ሱቅ ውስጥ ስትሆን ጽሑፉን እይ። «ኦውደ ገውዝ» ወይም «ኦውደ ክሪክ» የሚለው ከ1997 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የተጠበቀ ነው፣ ጣፋጭ አይጨመርበትም። ቦንን፣ ቲልካንን፣ አውድ ቤርሰልን ፈልግ። ሊንደማንስ ጣፋጩንም ይሠራል፣ ኩቬ ረኔ የሚባል የምር ገውዝም አለው፤ ለጀማሪ በዋጋም አይጎዳም።

---

የሾላ_ልጅ

ካልወደድኩትስ? ተከፍቶ ያደረ ይጣላል?

---

ፍላንደርስ_ነኝ

አይጣልም። ቡሹን መልሰህ ፍሪጅ ውስጥ ክተተው፣ በማግስቱ ጋዙ ይቀንሳል እንጂ ይጠጣል። ያም ካልሆነልህ ቀቅልበት። ብራሰልሶች ጥንቸል በገውዝ ይሠራሉ፤ ጥንቸል ለማይበላ ዶሮም ይሆናል። ሽንኩርቱን በቅቤ አብስል፣ ሥጋውን ጠበስ አድርገው፣ ገውዙን አፍስስበትና ቀስ ባለ እሳት ተወው። መጨረሻ ላይ ከከረረብህ ትንሽ ስኳር ጣል አድርግ።